የነጻ ትምህርት ዕድል፦ ለማን? በማን ምርጫ? ለምን ዓላማ?

ትምህርት ከኅብረተሰብ ውጭ ተወልዶ አያውቅም። አንድ ወጣት ሐኪም ወይም ነርስ ሆኖ እስኪመረቅ ድረስ የሚበላው፣ የሚለብሰውና የሚያነበው ሁሉ የሌሎች ላብ ውጤት ነው። ገበሬው ግብር ከፍሏል፤ ሠራተኛው ከደመወዙ ተቆርጦበታል፤ እናት ከጎተራዋ ቀንሳ ስንቅ ቋጥራለች። ስለዚህ «ነጻ የትምህርት ዕድል» ስንል በእርግጥ ነጻ የሆነ ነገር የለም፤ ተማሪው ባይከፍልም ሌላ ሰው ከፍሎለታል። እንግዲህ መሠረታዊው ጥያቄ ዕድሉ ተሰጠ ወይስ አልተሰጠም የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም። ለማን ተሰጠ? ማን መረጠው? ተምሮ ሲያበቃስ ለማን ይሠራል? ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ይህ ጥያቄ በማንኛውም ሙያ ላይ ሊነሣ ይችላል። በጤና ላይ ሲነሣ ግን የሕይወትና የሞት ጥያቄ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ለሕዝብ ጤናና ለማኅበራዊ ፍትሕ ለተነሡ ንቁ ወጣቶች የሚሰጠውን የትምህርት ዕድል በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እንመረምራለን። መነሻችንን ላስታ አድርገናል፤ ምክንያቱም አንድ የትምህርት ዕቅድ በእርግጥ የሚፈተነው በዋና ከተማ አዳራሽ ሳይሆን መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ነው።

የላስታ ተጨባጭ ሁኔታ

ዓለም ላስታን የሚያውቃት በላሊበላ ነው። ከዐለት ተፈልፍለው የታነጹት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ጎብኚው በአውሮፕላን መጥቶ፣ ወይም ከጋሸና ተገንጥሎ 64 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ቅርሱን አይቶ ይመለሳል። ከከተማዋ በላይ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይታየዋል፤ ፎቶግራፍም ያነሣዋል። በደጋው ላይ ገብስ እየዘራና በግ እያረባ የሚኖረው ሕዝብ ግን ያንኑ ተራራ የሚለካው በሌላ መለኪያ ነው። ምጥ የጠናባት ሴት በስንት ሰዓት ጤና ጣቢያ ትደርሳለች? እስከዚያስ ስንት ትከሻ ያስፈልጋል?

በወሎ እድር «ቅሬ» ይባላል። የቅሬ ሥራ ሙት መቅበር ብቻ አይደለም። የታመመን በቃሬዛ ተሸክሞ፣ እየተፈራረቀ፣ ቁልቁለቱንና አቀበቱን የሚያቆራርጠው የቅሬ አባል ነው። መንግሥት አምቡላንስ ከመላኩ አስቀድሞ ሕዝቡ የራሱን አምቡላንስ በትከሻው አደራጅቶ ኖሯል። ይህን የሕዝብ አደረጃጀት የማያውቅና የማያከብር የጤና ባለሙያ የቱንም ያህል ዲግሪ ቢደራርብ በላስታ ባዳ ሆኖ ይቀራል።

የበሽታዎቹንም ባሕርይ እንመልከት። በሽታ ሁሉንም እኩል አይነካም። የአማራ ክልል በዓለም ላይ በትራኮማ እጅግ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ የሚጠናውም ፊት መታጠቢያ ውሃ በራቀበትና መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንደር ነው። ሕጻናቱን የምታቅፈው እናት ደጋግማ ትያዛለች። ከዓመታት በኋላ የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቷ ብሌኗን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውራታል። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳትም እንዲሁ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት፣ ቅያሪ ልብስ በሌለበት የብርድ ወራት ይበረታል። እነዚህን በሽታዎች በመድኃኒት ማከም ይቻላል። ከሥራቸው መንቀል የሚቻለው ግን ውሃው ለምን ራቀ? ቤቱ ለምን ጠበበ? ብሎ በመጠየቅ ነው። የሕዝብ ጤናና ማኅበራዊ ፍትሕ አንድ ጥያቄ የሚሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የረሃቡ ትዝታ አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወሬውን አፈነ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ወሎ ወጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ ለሕዝብ ማሳየታቸው አፈናውን ለመስበር ከተወሰዱት የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ወታደራዊው መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር የወሎ ገበሬ በረሃብ እያለቀ ነበር፤ ወሬውም ከበዓሉ እስኪያልፍ ተሸሸገ። ሁለቱ ሥርዓቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም በዚህ አንድ ነበሩ። ሕዝቡ ያለቀው ዝናብ ስለ ጠፋ ብቻ አልነበረም፤ የሚጮህለት ድምፅ ስለ ታፈነም ጭምር ነው። ከመንደሩ የወጣና እውነትን ለመናገር የማይፈራ የጤና ሠራተኛ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በጤና ትምህርትና በፍትሕ ጥያቄ መካከል ያለው ግንኙነት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 በወሎ የተወለደው መላኩ በያን በመንግሥት ወጪ ወደ አሜሪካ ለትምህርት ተላከ። ሕክምናን የተማረው በጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ተመርቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። ወዲያው የፋሽስት ኢጣልያ ወረራ ስለ ደረሰ በምሥራቁ ግንባር ቁስለኞችን አከመ። ከዚያም ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ ጥቁር አሜሪካውያንን ከኢትዮጵያ ጎን ለማሰለፍ እ.ኤ.አ. በ1937 የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ጋዜጣም አሳተመ። በ1940 በወጣትነቱ አረፈ። እዚህ ላይ አንድ ቅራኔ ልብ ሊባል ይገባዋል። መላኩ የተመረጠው ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ከሆነ ቤተሰብ ስለ ነበር ነው። የላስታ ገበሬ ልጅ በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ዕድል በሕልሙም አያገኝም ነበር። ሆኖም መላኩ የተቀበለውን ዕድል ለራሱ ምቾት አላዋለውም። ከእርሱ የምንወስደው ዓላማውን ነው፤ የአመራረጡን መንገድ ግን ልንለውጠው ይገባል።

የአመራረጡን መንገድ ለመለወጥ የተጀመረው ትልቅ ሙከራ ጎንደር ላይ ይገኛል። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የከተማ ሐኪሞችን አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ነበር። አንዱ ሲያክም፣ ሁለተኛዋ እናቶችን ስትከታተል፣ ሦስተኛው ምንጭና መጸዳጃ ይመለከታል። በሽታ በአንድ ሙያ ብቻ እንደማይሸነፍ የተገነዘበ አሠራር ነበር። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ቤት ጨመረ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪዎች አንድ ዓመት በክፍላተ ሀገር እንዲያገለግሉ ግዴታ ሆነ። ብዙ ወጣቶች የገጠሩን ድህነት በዓይናቸው ያዩት ያኔ ነው። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ዘመቻው ብዙ አስተምሯል። ጉድለቱም ግልጽ ነበር፦ ወጣቱ ከላይ በተላለፈ ትእዛዝ ሄደ፤ ከገበሬው ጎን ቆሞ በራሱ አእምሮ ሲናገር ደግሞ ተጠረጠረ፤ ጥቂት የማይባሉትም ታሰሩ፣ ተገደሉም። ወጣትን ወደ ሕዝብ ልኮ የሕዝብን ድምፅ እንዳያሰማ መከልከል ዘመቻውን ከሥሩ ማፍረስ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ተመሳሳይ ፍለጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ በተደረገው ጉባዔ ጤና የሰው ልጅ መሠረታዊ መብት መሆኑና ኅብረተሰቡም በራሱ ጤና ላይ የመወሰን ድርሻ እንዳለው ታወጀ። ከ1979 ጀምሮ ኩባ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕጻናትን ተቀብላ በወጣቶች ደሴት አስተማረች፤ ከእነርሱም መካከል ሐኪሞችና መሐንዲሶች ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ይህችው ድሃ አገር የላቲን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤትን በሃቫና ከፈተች። ትምህርት ቤቱ ከድሃ ቤተሰብና ከተገለሉ ብሔረሰቦች የሚመጡ ወጣቶችን፣ ከአሜሪካ የድሃ ሰፈሮች የሚመጡትንም ጭምር፣ ያለ ክፍያ ያስተምራል። በለውጡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተመረቁና ሐኪም ወዳጣው ሕዝባችሁ ተመለሱ። እስካሁን ከ30,000 በላይ ሐኪሞችን አስመርቋል።

ከመንደር ተመርጦ ወደ መንደር መመለስ

በአገራችን ለሦስቱ ጥያቄዎቻችን ይበልጥ የቀረበ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። 10ኛ ክፍል የጨረሰች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገርና በዚያው የምትኖር ወጣት ሴት ትመረጣለች፤ አንድ ዓመት በመንግሥት ወጪ ትሠለጥናለች፤ ከዚያም ወደ ቀበሌዋ ተመልሳ ደመወዝተኛ ትሆናለች። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመደቡ። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የመጸዳጃ ቤት ግንባታ፣ የወባ ምርመራና የእናቶች ክትትል በእጃቸው ገባ። በኋላም የሳንባ ምች የያዘውን ሕጻን በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። በመላው አገሪቱ ከ30,000 በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ ተሰማርተዋል።

ውጤቱን ቁጥር ይናገራል። በኢትዮጵያ ከ1,000 ሕጻናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ1990 204 ነበሩ፤ በ2012 ወደ 68 ወረዱ። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። ይህ ሁሉ የእነዚህ ሴቶች ሥራ ብቻ ነው አንልም፤ መንገድ፣ መድኃኒትና ትምህርት ቤት አብረው ሠርተዋል። ይሁን እንጂ ያለ እነርሱ እግር ክትባቱ ከወረዳው ማቀዝቀዣ አይወጣም ነበር።

ከዚህ ጎን ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ልጃገረዶችን በነጻ አስተምሮ በዲግሪ ያስመርቃል፤ ተመራቂዎቹም ወደየመጡበት ገጠር ተመልሰው ያዋልዳሉ። ዓላማው ፊስቱላ የሚባለው የወሊድ ጉዳት ከሥሩ እንዲቆም ነው። በዚሁ ዘርፍ የማሚቱ ጋሼን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1962 በፊስቱላ ተጎድታ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ማሚቱ ማንበብና መጻፍ ሳትችል ከሐኪሞቹ ጎን ቆማ ቀዶ ሕክምና ተማረች፤ በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ሸለማት። ከድሃው መካከል ስንት ችሎታ በር ተዘግቶበት እንደሚቀር ይህ አንድ ታሪክ ይበቃል።

ዕውቀት ከላይ ወደ ታች ብቻ እንደማይፈስም ዶክተር አክሊሉ ለማ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ያረጋገጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው። የተማረው ሰው ከልብስ አጣቢዎቹ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘበት ሥራ መነሻው የሕዝብ ዕውቀት ነበር።

ሂስና ግለ ሂስ

መልካሙን ብቻ ቆጥሮ ማለፍ ለአንባቢ ታማኝ መሆን አይደለም። አንደኛ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥር የተደራጁት የሴቶች ልማት ሠራዊት አባላት ቤት ለቤት የሚዞሩት ያለ ክፍያ ነው። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጅ አዝላ የምትውለው ሴት ተጨማሪ ሥራ ተጫነባት፤ ስሙም «ተሳትፎ» ተባለ። የሴትን ጉልበት በነጻ መውሰድ በየትኛውም ውብ ስም ቢጠራ ፍትሕ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ተምራ የተመለሰችው ወጣት በአንድ ጤና ኬላ ለዓመታት ስትቀር፣ የዝውውርና የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ሲጠብባት፣ ደመወዟም ከገበያው ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር «መመለስ» ቅጣት ይመስላል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ኑሯቸው ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል፤ ከእነርሱም የታሰሩ ነበሩ። ሕዝብን እንዲያገለግል ያስተማርነውን ሰው ስለ እንጀራው ሲጠይቅ ማሰር የት እንደሚያደርስ ታሪካችን ነግሮናል።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታውን ሲያቋርጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በሌላ አገር ምርጫ ላይ የተንጠለጠለ የጤና ሥራ ዋስትና የለውም።

አራተኛ፣ ጦርነት። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ላሊበላና የሰሜን ወሎ ወረዳዎች ከእጅ ወደ እጅ ሲገቡ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ አልጋው፣ ማይክሮስኮፑ፣ መድኃኒቱ ተወሰደ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ሌላ ግጭት መንገዱ ተዘጋ፣ አምቡላንሱ ቆመ። ያ ሁሉ ሲሆን በየመንደሩ የቀረችው ባለሙያ ከሕዝቡ የወጣችው ነበረች፤ የምትሄድበት ሌላ ቤት አልነበራትምና።

ግለ ሂሱን ከራሳችን እንጀምር። እኛም በነጻ የትምህርት ዕድል ባሕር ተሻግረን የተማርን ነን። አብረውን ከሄዱት መካከል ያልተመለሱ አሉ። የተመለስነውም ብንሆን መጀመሪያ ላይ የጻፍነው አንድም የቅሬ አባል ሊያነበው በማይፈልግ ቋንቋ ነበር። የተከፈለልንን ዋጋ የከፈሉት ሰዎች እንዲረዱት አድርገን መጻፍ ዕዳችን መሆኑን ለመገንዘብ ጊዜ ፈጅቶብናል።

ከማኅበራት ምን ይጠበቃል?

ውድ አንባቢያን፣ በየቅሬው፣ በየእድሩና በየመሥሪያ ቤቱ የተደራጃችሁ፣ ጉዳዩ ከእጃችሁ የራቀ አይደለም።

ምርጫው በአደባባይ ይሁን። ለጤና ትምህርት የሚላከው ወጣት በዝምድና ወይም በፓርቲ ደብተር ሳይሆን ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ መመዘኛው አስቀድሞ ተነግሮ ይመረጥ። በ1977ቱ ረሃብ ዘመን የውጭ አገር የትምህርት ዕድል የፖለቲካ ታማኝነት ዋጋ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ያ እንዳይደገም ጠባቂው ሕዝቡ ራሱ ነው።

ትምህርቱ መንደሩን ይወቅ። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመውን የወልድያ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ቅርብ ተቋማት ተማሪዎቻቸውን ወደ ላስታ ሲያሰማሩ ቅሬው ይቀበላቸው፤ ቃሬዛው በየት እንደሚያልፍ፣ ምንጩ መቼ እንደሚደርቅ ያሳያቸው።

መመለሱ ክብር ይኑረው። መኖሪያ ቤት፣ በወቅቱ የሚደርስ ደመወዝ፣ ከተወሰነ አገልግሎት በኋላም ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያሻግር በር ይጠየቅ። ማኅበራትም የድርሻቸውን መሥራት ይችላሉ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የመውለጃ ጊዜያቸው የደረሰ እናቶች የሚያርፉበት ማቆያ አለ፤ ገበሬው እህል አዋጥቶ፣ ሴቶቹ ገንፎ አገንፍተው ያቆሙት ነው። ይህ የሚያሳየው ሕዝቡ መስጠት እንደሚያውቅ ነው። የሚጠይቀው የሰጠው ነገር እንዲቆጠርለት ብቻ ነው።

በመጨረሻም የመናገር መብት ይከበር። በአገራችን ኮሌራ ሲገባ «አተት» እየተባለ በስሙ ሳይጠራ የቀረበት ጊዜ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከሠተውን ማስታወስ ይበቃል። በሽታን በስሙ የማይጠራ የጤና ሠራተኛ በሽታውን አያቆመውም። ረሃብን «ረሃብ»፣ ኮሌራን «ኮሌራ» ብላ የምትመዘግብ የላስታ ልጅ ስታስፈልገን፣ ስትናገርም ከጎኗ የሚቆም ማኅበር ያስፈልጋታል።

በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ አጀንዳው ሲቀርብ ሦስቱን ጥያቄዎች አንሡ። ከእኛ ቀበሌ ለጤና ትምህርት ማን ተላከ? ማን መረጠው? ከተመለሰ በኋላስ ምን አደረግንለት? መልስ ካልተገኘ ስብሰባው አይበተን።